ምንጭ፣ ጥላ እና መንገድ

በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ረጅም መንገድ ተጉዘን ወደ አገራችን ስንመለስ መሀል ላይ ቆም ስለምንልባት የምንጭ ዳር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ፣ ከነቀምቴም ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆና መንዲ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ ለሚሄድ ቤተሰብ ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። ዒድ ሲቃረብ ወይም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ ስንቅ ይቋጠራል፤ ለዘመድ የተገዛው ዕቃ ይጫናል፤ ጉዞ ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ሁሉም የሚያስበው መድረስን ብቻ ነው። ሾፌሩ ይቸኩላል፣ አባት ሰዓቱን ያያል፣ እናት «ሳይመሽ ብንገባ» ትላለች። የሚያርፉበት ጥላ፣ የሚሰግዱበት ቦታና የሚጠጡት ውሃ ትዝ የሚለው ሕፃን ሲያለቅስ ወይም ሞተር ሲሞቅ ነው።

እኛ ግን በዚያች በምናርፍባት ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብዙ ነገር አለ እንላለን። እዚያች ቦታ ላይ የእኛም ሐቅ አለ፤ የሌላ ሰውም ሐቅ አለ። ልጆቻችንም የሚያዩትንና የሚማሩትን ከእኛ ይወስዳሉ።

መንገዱና ውሃው

ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን መንገድ በመስኮት እያየ ለሚሄድ ልጅ ከክፍል ውስጥ ካርታ የሚበልጥ ትምህርት ይገኝበታል። ጊንጪ አካባቢ ስንደርስ ያለነው የአዋሽ መነሻ አገር ላይ ነው። አዋሽ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። አምቦንና ጉደርን ስናልፍ የምናየው ውሃ ደግሞ በጉደር ወንዝ በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከጌዶ ደጋ ቁልቁል ወርደን ባኮ አካባቢ የምንሻገረው ጊቤ ግን ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ኦሞን ይሆንና ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ሲሬን አልፈን ነቀምቴ ስንወጣ እንደገና ወደ ዓባይ ቤተሰብ ተመልሰናል። በከተማዋ ዙሪያ የሚፈልቀው ውሃ በመጨረሻ ደዴሳ ይገባል፤ ደዴሳም ወደ ዓባይ።

እንግዲህ በአንድ ቀን ጉዞ የሦስት ታላላቅ ተፋሰሶችን ውሃ እንሻገራለን ማለት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ውስጥ ከወለጋ ተራራ ሥር የፈለቀ ውሃ ድርሻ አለው። ደዴሳም ዳቡስም ወደ ዓባይ የሚገቡት ከግድቡ በላይ ነውና። ልጆች መንገድ ላይ ሰልችቷቸው «መቼ ነው የምንደርሰው?» ሲሉ፣ «ይህ ወንዝ የት የሚሄድ ይመስላችኋል?» ብሎ መልሶ መጠየቅ ጥሩ መፍትሔ ነው። እኛ ሞክረነዋል፤ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሠራል።

በዚህ መንገድ ላይ ምንጭ ዳር ማረፍ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አምቦን ነው። ከአዲስ አበባ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ ውሃዋ ከመሬት ሲወጣ ራሱ ጋዝ ያለው ነው። ከምድር ሆድ፣ ከእሳተ ገሞራ ዓለት የመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ገብቶ አብሮ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ሲሸጥ ኖሮ፣ ዛሬ የየትኛውንም ጋዝ ያለው ውሃ ስም «አምቦ» አድርጎታል። በከተማዋ ያለው የፍል ውሃ መዋኛና የዛፎቹ ጥላም የብዙ ቤተሰብ ማረፊያ ነው።

ይሁንና የታወቀ ማረፊያ አጥር አለው፤ ጠባቂ አለው፤ መጸዳጃ ቤት አለው፤ ቢቆሽሽ የሚያጸዳው ሠራተኛ አለ። የዛሬው ጉዳያችን አጥርና ጠባቂ የሌላቸው ናቸው። ከመንገዱ ጥቂት እርምጃ ወረድ ብሎ፣ ከዋንዛና ከሾላ ዛፍ ሥር፣ ሙዝና ሸንኮራ በከበቡት ሥፍራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚፈሰው ስም የለሽ ምንጭ ነው ጉዳያችን። የአገሩ ሰው በኦሮምኛ «ቡርቃ» ይለዋል።

ከባኮ ወዲያ ያለች አንዲት ምንጭ

በአንድ ጉዟችን ከባኮ አልፈን ወደ ሲሬ ስንሄድ እንዲህ ካለች ምንጭ ዘንድ ቆምን። የዝሁር ሰዓት ገብቷል፤ ልጆቹም ተቁነጥንጠዋል። ከመንገዱ በታች ምንጯ ከድንጋይ ግንብ ውስጥ በቧንቧ ትወርዳለች። ከበታቿ ሙዝ፣ ጎደሬና ጥቂት የቡና ዛፎች ያሉበት ጓሮ ተዘርግቷል። አምስት ስድስት ልጃገረዶች ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ።

ከእኛ በፊት የቆመ የአንድ ሚኒባስ ረዳት ቧንቧው ሥር ገብቶ የመኪናውን ምንጣፍ በሳሙና ማጠብ ጀምሯል። አረፋው በቧንቧው ዙሪያ ተኝቷል። ልጃገረዶቹ ምንም አይናገሩም፤ ወደ ኋላ ሸሸት ብለው ቆመዋል። ከጓሮው ውስጥ አንድ አዛውንት በትር ይዘው ወጡ። አልተቆጡም።

«ልጄ፣» አሉት ረዳቱን፣ «መታጠቢያው ከታች ነው። ከዚህ የምንጠጣው ነው። ከብቱ እንኳ ከዚህ አይጠጣም።»

ረዳቱም «አላወቅሁም አባባ፣ ይቅርታ» ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ወረደ። አዛውንቱ ወደ እኛ ዞር ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላምታ ሰጡን። ውዱእ ለማድረግ ፈቃድ ስንጠይቃቸው «ውሃ የፈጣሪ ነው፤ ተራውን ብቻ ጠብቁ» አሉ። ልጃገረዶቹ ግን «እንግዳ ይቅደም» ብለው ጀሪካናቸውን አነሱልን። እኛም እነሱ ቀድተው እስኪጨርሱ ቆየን፤ ከመካከላችን ጉልበት ያላቸው ወጣቶችም ጀሪካን እያነሱ ትከሻ ላይ አሸከሙ። አዛውንቱ ከቤታቸው ሰሌን አስመጥተው ከዋንዛው ሥር አነጠፉልን። እኛ ሃይማኖታቸውን አልጠየቅናቸውም፤ እሳቸውም ቂብላችንን ከመጠየቅ በቀር ሌላ አልጠየቁንም። (ላላወቀ እንንገር፤ በወለጋ ቂብላ ወደ ሰሜን ነው፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ይላል።)

ከሰላት በኋላ አንደኛው ልጅ «አባባ፣ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠየቃቸው። አዛውንቱ በበትራቸው ወደ ተራራው አመለከቱ። «ከዚያ ነው። ክረምት የዘነበው አሁን ነው የሚወጣው። ነገር ግን ከላይ ባሕር ዛፍ ከተተከለ ወዲህ መጋቢት ሲደርስ እንደ ክር ትቀጥናለች። እኔ ልጅ ሳለሁ እንዲህ አልነበረችም።» ከዚህ በላይ አልተናገሩም። እኛ ግን እስከ ነቀምቴ ድረስ ስንነጋገር የሄድነው ይህንኑ ነው።

ምንጭ እንዴት ይፈልቃል? እንዴትስ ይነጥፋል?

አዛውንቱ የተናገሩት ከመጽሐፍ ከተማርነው አይለይም። በነቀምቴ አካባቢ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛውም ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ተራራው ላይ ዛፍና ሣር ካለ ዝናቡ ቀስ ብሎ ወደ ቀዩ አፈር ይሰርጋል። ወደ ታች ወርዶ ወርዶ ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ ወይም ዓለት ሲያገኝ ይቆምና በጎን በኩል መውጫ ይፈልጋል። መውጫውን የሚያገኘው ተዳፋቱ ሥር ነው፤ ያ ነው ምንጭ። ስለዚህ በታኅሣሥና በጥር በእጃችን የምንጠልቀው ውሃ ተራራው ከክረምት ጀምሮ በአደራ ያስቀመጠልን ነው።

ተራራው ሲራቆት ዝናቡ አይሰርግም፤ ጎርፍ ሆኖ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። አደራ ያልተቀበለ ደግሞ የሚመልሰው የለውም። ባሕር ዛፍ ለጣውላና ለማገዶ ያለውን ጥቅም ማንም አይክደውም። ነገር ግን ውሃ ጠጪ ነውና ከምንጭ ራስ አጠገብ የሚተከል ዛፍ አይደለም። ለምንጭ ራስ እንደ ሾላ፣ ዋንዛና ብሳና ያሉ አገር በቀል ዛፎች ይሻላሉ።

በባለሙያ የጎለበተ ምንጭ እንዴት እንደሚሠራም ማወቅ ይጠቅማል። የምንጩ ዓይን እስኪገኝ ይቆፈራል፤ በድንጋይና በጠጠር ይሞላል፤ ከላይ በሸክላ ወይም በሲሚንቶ ይደፈናል፤ ውሃው በቧንቧ ብቻ እንዲወጣ ይደረጋል። ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፤ ከብት እንዳይረግጠው ይታጠራል። መጸዳጃ ጉድጓድም ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ያውም ከምንጩ በታች እንጂ በላይ አይሆንም። የተረፈው ውሃ መጀመሪያ ለከብት ገንዳ፣ ቀጥሎ ለልብስ ማጠቢያ፣ በመጨረሻ ለጓሮ ይለቀቃል። በአዛውንቱ ምንጭ ያየነው ሥርዓት ይኸው ነው። ያ የሚያምር የሙዝና የጎደሬ ጓሮ የተገኘው ከትርፉ ነው። ጓሮውን አይተን «እንዴት ያለ ውብ ቦታ ነው!» ብለን ስናደንቅ፣ ከላይ ያለውን ንጽሕና ማን እንደጠበቀው ማሰብ ይኖርብናል። ምንጭ የመንገደኛው ማረፊያ ከመሆኑ በፊት የሰፈሩ እንስራ ነው።

ሙሳ ከመድየን ውሃ ዘንድ

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ረጅም መንገድ ተጉዞ ውሃ ዳር ያረፈን ሰው ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። በሱረቱል ቀሰስ እንደተነገረን ነቢዩላህ ሙሳ (ዓ.ሰ.) ከግብፅ ሸሽተው፣ ደክመውና ተርበው ከመድየን ውሃ ዘንድ ደረሱ። እዚያም ሰዎች ከብቶቻቸውን ሲያጠጡ፣ ሁለት ሴቶች ደግሞ መንጋቸውን ከልክለው ፈንጠር ብለው ቆመው አገኙ። ምክንያታቸውን ጠየቁ። እረኞቹ እስኪሄዱ እንደሚጠብቁና አባታቸው በዕድሜ የገፉ መሆናቸውን ነገሯቸው። ሙሳም አጠጡላቸው። ከዚህ በኋላ ነው ወደ ጥላው ሄደው አረፍ ያሉትና ከጌታቸው ለሚመጣ መልካም ነገር ሁሉ ፈላጊ መሆናቸውን በዱዓ የገለጹት።

ቅደም ተከተሉን እናስተውል። ሙሳ እንግዳ ነበሩ፤ ደክመዋል፤ እርሳቸውም ችግረኛ ናቸው። ግን መጀመሪያ ዓይናቸው ያረፈው ተራ ያጡት ላይ ነው። ማረፉም ዱዓውም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛስ ከመኪና ወርደን ቧንቧ ዳር ስንደርስ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ምን ላይ ነው? ጀሪካን ይዛ የቆመች ልጅ ቤቷ ከዚያ ምን ያህል ይርቃል? ትምህርት ቤትስ ትደርሳለች? እኛ አምስት ደቂቃ ብንጠብቅ ከመድረሳችን የሚጎድል ነገር የለም።

ረሱላችንም (ሰ.ዐ.ወ.) የሰው እርግማን ከሚያመጡ ሦስት ቦታዎች እንድንጠነቀቅ አስተምረውናል፤ ሰው የሚመላለስበት መንገድ፣ ሰው የሚጠለልበት ጥላና ሰው የሚቀዳበት የውሃ ዳር ናቸው። እነዚህን በዓይነ ምድር ያቆሸሸ ሰው ረጋሚ ያበዛል። የመንገድ ዳር ምንጭ ሦስቱንም በአንድ ቦታ ይዟል፤ መንገድ ነው፣ ጥላ ነው፣ ውሃ ነው። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ከዛፍ ጀርባ የምናየውን የምናውቅ ሰዎች ይህ ትምህርት ለእኛም እንደተነገረ አንስተውም።

ስለ ውሃ አጠቃቀምም እንዲሁ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ ውሃ እንደነበር ተዘግቧል። ሙድ ከአንድ ሊትር ያነሰ መስፈሪያ ነው። የአንድ ጀሪካን 20 ሊትር ውሃ በዚህ ሒሳብ ከ20 ሰው በላይ ውዱእ ያስደርጋል። ቧንቧው ሥር ቆሞ ውሃው በእግሩ ላይ እየፈሰሰ የሚያወራ ወጣት ይህን ሒሳብ አንድ ጊዜ ቢሠራው ይበቃዋል።

ስንቆም ምን እናድርግ?

እንግዲህ በአጭሩ እንበል። ምንጭ ዳር ስንደርስ በአቅራቢያው ያለውን ሰው ሰላም ብለን ፈቃድ እንጠይቅ፤ የትኛው የመጠጥ፣ የትኛው የመታጠቢያ እንደሆነ እንወቅ። ቆሞ የሚጠብቅ ካለ ተራውን እናክብር። ውዱእ የምናደርገው በጆግ ወይም በጠርሙስ ቀድተን፣ ከምንጩ ዓይን ዞር ብለን ይሁን። ሳሙና ወደ መቅጃው አይቅረብ። መኪና እዚያ አይታጠብ፤ ዘይትና ቅባት ከአፈር ውስጥ ቶሎ አይወጣም። መጸዳዳት ካስፈለገ ከምንጩ በታች ርቆ፣ ከሰው ዓይንና ከመንገድ ተሰውሮ ይሁን። የሕፃን ዳይፐር፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና ፌስታል ሁሉ በአንድ ከረጢት ገብቶ ከእኛ ጋር ወደ ከተማ ይመለስ። በጓሮው ያለውን ሙዝና ሸንኮራ ልጆች ቢመኙ ይገዛላቸው እንጂ አይቆረጥ። የሰው ማሳ ነውና።

ይህን ሁሉ ለልጆች በቃል ከመንገር ይልቅ በዓይናቸው ቢያዩት ይሻላል። ቆሻሻ የመሰብሰቡን ሥራ ለትንሹ ልጅ «አሚር» ብለን ሹመት ብንሰጠው በደስታ ይሠራዋል፤ ለአባቱም ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

ለማረፉም ቢሆን አንሳሳ። ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው በየሁለት ሰዓቱ አረፍ እንዲል ባለሙያዎች ይመክራሉ። በእንቅልፍ የተጫነ ዓይን ለአፍታ ቢከደን መኪናው ብዙ ሜትር ያለ ሾፌር ይሄዳል። ከጌዶ ወደ ባኮ የሚወርደው ጠመዝማዛ፣ ከነቀምቴ ወዲያ ወደ ደዴሳ ሸለቆ የሚያወርደው ቁልቁለት ለደከመ ሾፌር ምሕረት የላቸውም። ሾፌሩን «ቶሎ በል» እያሉ የሚያጣድፉ ተሳፋሪዎች ስለ ነፍሳቸው ያስቡ። ሸሪዓችንም ለመንገደኛ አቅልሎለታል። ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚጓዝ ሰው ባለ አራት ረከዓው ሰላት ሁለት ሆኖለታል፤ በሻፊዒይ መዝሀብም ዝሁርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻ ጋር አጣምሮ መስገድ ተፈቅዶለታል። ወደ አገሩ የሚመለስም ቢሆን ከተማው እስኪገባ ድረስ መንገደኛ ነው። ስለዚህ አንዲት የምንጭ ዳር እረፍት ለሁለት ሰላት ትበቃለች። «ጊዜ የለንም» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ ይወድቃል።

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ግን እውነቱን የደበቅን ያህል ይሰማናል። ያለፉት ዓመታት ለወለጋ ሰው ከባድ ነበሩ። በግጭቱ ምክንያት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ወራት ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ እናት የልጇን ድምፅ ሳትሰማ ሰንብታለች። በእነዚያ ጊዜያት ከዛፍ ሥር ሰሌን አንጥፎ ማረፍ ቀርቶ መንገዱን ማሰብም ያስፈራ ነበር። እንግዳ ሰው በማያውቀው መንደር ያለ ስጋት ቆሞ ውሃ መጠጣቱ፣ የመንደሩም ሰው «ማን ይሆን?» ሳይል ሰሌን ማንጠፉ ሰላም ምን ማለት እንደሆነ ያሳያል። ስለዚህ ከመነሳታችን በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሚያውቅ ሰው እንጠይቅ፤ በቀን እንጓዝ። የቆምንበትን ሰፈር ሰውም በጥሩ ሥራ እናስታውሰው፤ እምነት አንዴ ከተሰበረ የሚጠገነው እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ነው።

በመጨረሻ ለወጣቶች አንድ ሐሳብ እንተው። ዑሥማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ.) በመዲና የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ሙስሊሞች ሁሉ በነፃ እንዲጠጡ ወቅፍ አደረጉት። ጉድጓድ ለመግዛት አቅም የሌለን ሰዎች ግን ዕድሜ ልካችንን የጠጣንበትን የሰፈራችንን ምንጭ ማጽዳት አያቅተንም። ለዒድ ወደ ነቀምቴ፣ ወደ ጊምቢ ወይም ወደ ሌላው የወለጋ ከተማ የምትገቡ ልጆች ሁለተኛውን የዒድ ቀን ለዚህ ብታውሉትስ? ከጎረቤት ልጆች ጋር፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆናችሁ የጎርፍ ቦዩን ጥረጉ፤ አጥሩን አጥብቁ፤ ዝናብ ሲጀምር ከምንጩ በላይ አሥር የዋንዛ ችግኝ ትከሉ። ችግኙን ሽማግሌዎች ባሳዩአችሁ ቦታ ትከሉት እንጂ በራሳችሁ አትወስኑ። ቦታውን የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። አካፋና መጥረጊያ ከየቤቱ አይጠፋም፤ ችግኝም ከከተማው ችግኝ ጣቢያ ይገኛል። ከዚያ ምንጭ ሰው፣ ከብት ወይም ወፍ በጠጣ ቁጥር ምንዳው ለናንተ ይጻፋል፣ ኢንሻአላህ።

ያንን መንገድ በቅርብ ለምትጓዙ ሁሉ አላህ በሰላም ያድርሳችሁ። ወላሁ አዕለም። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን፤ ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ።